ሰፊ ውሃ፣ ጠባብ ጠርዝ፦ የሎጎ ሐይቅ ዓሣ ለምን ያነጋግራል?

ከደሴ ወደ ወልዲያ የሚወስደውን መንገድ ይዞ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ የተጓዘ ሰው ሐይቅ ከተማ ይደርሳል፤ ሎጎ ሐይቅም ከከተማዋ አጠገብ ነው። ለደሴና ለኮምቦልቻ ነዋሪ ቦታው የቅዳሜና የእሁድ መናፈሻ ነው፤ ዓሣ ጥብስ ይበላበታል፣ በጀልባ ይዞርበታል፣ መንጠቆ የያዘም እድሉን ይሞክርበታል። ከዚያ መልስ ግን ሁሌ አንድ ክርክር ይነሳል። አንዱ ወገን «ዓሣው አልቋል፣ በመረብ ጨረሱት» ይላል። ሌላው «ይህን የሚያህል ውሃ ተዘርግቶ ዓሣ እንዴት ያልቃል?» ብሎ ይመልሳል። ጥፋቱን መንጠቆ ይዞ በሚመጣው ሽርሽረኛ ላይ የሚያላክክም አለ።

ሦስቱም አባባሎች የእውነት ቁራጭ አላቸው። ችግሩ ሦስቱም ሐይቁን እንደ አንድ ወጥ ውሃ ማየታቸው ነው። ሎጎ ሐይቅ ከላይ ሲታይ ሰፊ ነው፤ ዓሣ የሚበላበት፣ የሚራባበትና የሚያድግበት ክፍሉ ግን ጠባብ ነው። ይህ ካልተያዘ ዓሣው ለምን እንዳነሰም ሆነ ምን ቢደረግ እንደሚሻል መነጋገር አይቻልም።

ጥልቀቱ ለዓሣው አይጠቅምም

ሐይቁ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,900 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ይገኛል፤ ስፋቱ 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ጥልቁ ቦታ ደግሞ ከ80 ሜትር በላይ ነው። ከአርዲቦ ሐይቅ በኩል የሚወርድ ወንዝ ይገባበታል፤ በገሃድ የሚታይ መውጫ ግን የለውም። ስለዚህ ከዙሪያው ኮረብታ የሚታጠበው አፈርም ሆነ ከማሳ የሚመጣው ማዳበሪያ አንዴ ከገባ እዚያው ይቀራል።

እንዲህ ያለ ጥልቅ ውሃ በፀሐይ ሲሞቅ ይነባበራል። የሞቀው ውሃ ቀላል ስለሆነ ከላይ ይንሳፈፋል፤ ቀዝቃዛውና ከባዱ ከታች ይቀመጣል። ሁለቱ ንብርብሮች ለወራት ሳይቀላቀሉ ይቆያሉ። የላይኛው ከነፋስና ከአየር ኦክስጅን ያገኛል፤ በውስጡ ያሉት ደቃቅ ዕፅዋትም በብርሃን ኦክስጅን ይሠራሉ። ወደ ታችኛው ብርሃንም አየርም አይደርስም፤ ከላይ እየሞተ የሚወርደው ነገር ሲበሰብስ ደግሞ የነበረውን ኦክስጅን ይጨርሰዋል። በዚህ የተነሳ የሐይቁ ትልቁ ክፍል ለዓመቱ ረጅም ጊዜ ለዓሣ የማይኖርበት ነው። ዓሣው የሚኖረው ከላይ ባለው ስስ ንብርብርና በዳርቻው ነው።

ዳርቻውም ቢሆን እንደልብ አይደለም። የሐይቁ ጎን በብዙ ቦታ በፍጥነት ይጠልቃል፤ ብርሃን እስከ መሬቱ የሚደርስበት፣ ፊላና ደንገል የሚበቅልበት፣ ጎጆ የሚሠራበት ጥልቀት የሌለው ውሃ ቀጭን ቀበቶ ነው። «ሰፊ ውሃ» የሚለው ክርክር የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ስፋቱ ዓይን ይሞላል፤ ዓሣ የሚሸከመው ጠርዙ ነው።

ቆሮሶ የመጣበት ዓመት

ብዙ ሰው በሐይቁ ዳር የሚበላውን ቆሮሶ ከጥንት ጀምሮ የነበረ ይመስለዋል። በሳይንሱ ቋንቋ ናይል ቲላፒያ የሚባለው ይህ ዓሣ ወደ ሐይቁ የገባው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው። ካርፕም እንዲሁ በሰው እጅ የመጣ ዓሣ ነው። ዛሬ ሐይቁ ውስጥ ከእነዚህ ሌላ አምባዛና ጋራ የሚባል ትንሽ ዓሣ ይገኛሉ።

ቆሮሶ ለአካባቢው ሰው ትልቅ ጥቅም አመጣ። ሥጋው ጣፋጭ ነው፣ ገበያው ሰፊ ነው፣ ከዓሣ ማስገር የሚተዳደር ሰው ተበራከተ፤ በዳርቻው የተከፈተው የዓሣ ቤት ሁሉ በእሱ የቆመ ነው። ሐይቁ ግን በዚያው ግማሽ ምዕተ ዓመት ሌላ ሐይቅ ሆነ። ተመራማሪዎች የውሃን ጥራት የሚለኩት ሴኪ ዲስክ በሚባል ክብ ሳህን ነው። ሳህኑን በገመድ ወደ ውሃው እየለቀቁ ከዓይን የጠፋበትን ጥልቀት ይመዘግባሉ። ቆሮሶ ከመግባቱ በፊት በተመዘገበ ልኬት ሳህኑ እስከ 9 ሜትር ገደማ ይታይ ነበር። በኋላ የተወሰዱት ልኬቶች ግን ጥቂት ሜትር ብቻ ናቸው። ጥርት ያለው ውሃ አረንጓዴ ሆኗል።

ምክንያቱን በተመለከተ ሁለት ማብራሪያዎች አሉ። የመጀመሪያው ዓሣውን ይጠቅሳል። በውሃው ውስጥ ዞፕላንክተን የሚባሉ፣ አብዛኞቹ በዓይን የማይለዩ ተንሳፋፊ እንስሳት አሉ፤ ሥራቸው አልጌ የሚባሉትን ደቃቅ ዕፅዋት መብላት ነው። ቆሮሶ በተለይ በጫጩትነቱ ዞፕላንክተን ይበላል። በላተኛው ሲቀንስ አልጌው ያለ ከልካይ ይበዛል፣ ውሃውም ይለመልማል። ዓሣው ከገባ በኋላ በተደረጉ ጥናቶች በአንድ ወቅት የዞፕላንክተን ቁጥር በጣም ወርዶ መገኘቱ ይህን ሐሳብ ያጠናክራል። ሁለተኛው ማብራሪያ መሬቱን ይጠቅሳል፦ ደኑ ተመነጠረ፣ ቁልቁለቱ ታረሰ፣ ከአፈሩ ጋር ፎስፈረስና ናይትሮጅን ወደ ሐይቁ ወረደ፤ አልጌም በእነዚህ ይመገባል። በእኔ ግምት ሁለቱን ማፎካከር ጥቅም የለውም። መሬቱ አልጌውን መገበ፣ ዓሣው የአልጌውን ጠላት ቀነሰ፤ ሐይቁ መውጫ ስለሌለው የሁለቱም ውጤት ተጠራቀመ። የበዛው አልጌ ሞቶ ወደ ታች ሲወርድ ደግሞ የታችኛው ውሃ ኦክስጅን ይበልጥ ያልቃል፤ ለዓሣ የሚመቸው ንብርብርም ይሳሳል።

አልቋል ወይስ አንሷል?

«ዓሣው አልቋል» የሚለውን አባባል ከገበያው ጋር ማስተያየት ያስፈልጋል። ከዳርቻው ዓሣ ጠፍቶ አያውቅም። ሰዎች የሚያማርሩት ሰሃን ላይ የሚቀርበው ዓሣ ማነሱን ነው፤ ድሮ አንዱ ይበቃ ለነበረው ዛሬ ሁለት ሦስት ያስፈልጋል። ይህ ደግሞ ከ«አልቋል» የተለየ ነገር ነው፤ መንስኤውም የታወቀ ነው።

መረብ ዓሣን የሚመርጠው በዓይኑ ስፋት ነው። ዓይኑ ሰፊ የሆነ መረብ ትንሹን ያሳልፋል፣ ትልቁን ይይዛል። ትልልቁ ሲያንስ አስጋሪው ገቢው እንዳይቀንስ ዓይኑን ያጠባል፤ ያኔ ገና አንድ ጊዜ እንኳ ያልተራባው ዓሣ ይያዛል። ቆሮሶ ለዚህ ጫና ያልተለመደ ምላሽ አለው። ቶሎ ቶሎ የሚሞትበት ወይም ምግብና ኦክስጅን የሚጎድልበት ውሃ ውስጥ ሲኖር ሰውነቱን ከማሳደግ ይልቅ በትንሽነቱ መራባት ይጀምራል። ቁጥሩ አይጠፋም፤ አካሉ ይኮሰምናል። ስለዚህ «ዓሣ አለ» የሚለውም «ዓሣ የለም» የሚለውም በየፊናው ያየውን ይናገራል፦ አንዱ ቁጥር፣ ሌላው ክብደት።

የፍላጎቱ ወቅታዊነትም ጫናውን ያከብደዋል። ዓሣ በጾም ይበላል ወይስ አይበላም የሚለው ጥያቄ ምእመናንን የሚያከራክር ስለሆነ እዚህ አንገባበትም። ገበያው ላይ ያለው ውጤት ግን ግልጽ ነው፦ በዐቢይ ጾም የዓሣ ፈላጊ ይበዛል፣ ዋጋው ይወጣል፣ መረቡም ያለ ዕረፍት ውሃ ውስጥ ያድራል።

መንጠቆና መረብ እኩል አይከሰሱም

ከደሴ ቅዳሜ ጠዋት ተነስቶ በምድር ትል ወይም በሊጥ ዓሣ የሚያጠምድ ሰው ምን ያህል ይጎዳል? መልሱ በቆሮሶ አወላለድ ውስጥ አለ። ወንዱ ጥልቀት በሌለው ዳርቻ አሸዋውን ወይም ጭቃውን እየጠረገ ክብ ጎጆ ይሠራል። ሴቷ እዚያ እንቁላሏን ትጥልና ወዲያው በአፏ ትሰበስበዋለች። እንቁላሉ ተፈልፍሎ ጫጩቶቹ ራሳቸውን እስኪችሉ ሁለት ሳምንት ገደማ በአፏ ትይዛቸዋለች። በዚህ ጊዜ ምግብ አትቀምስም ማለት ይቻላል። ምግብ የማይቀምስ ዓሣ ደግሞ ትል አይነክስም። መንጠቆ እናቲቱን የመያዝ ዕድሉ ጠባብ ነው፤ በዳርቻው የተዘረጋ መረብ ግን የበላችውንም የጾመችውንም ይይዛል፤ ስትያዝም ያፏን ጫጩት ትተፋለች።

ይህን ያህል መጠንቀቋ ያለ ምክንያት አይደለም። ቆሮሶ በአንድ ጊዜ የምትጥለው ከጥቂት መቶ እስከ ከ1,000 በላይ እንቁላል ነው፤ ትልቅ አምባዛ ወይም ካርፕ ግን በአሥር ሺዎችና ከዚያም በላይ ይጥላል። ቆሮሶ በቁጥር ሳይሆን በእንክብካቤ የምትኖር ዓሣ ናት። የሞተች እናት እጅግ ውድ የምትሆነው ለዚህ ነው።

እንግዲህ መንጠቆ ያዡን ዋና ተጠያቂ ማድረግ ልክ አይደለም። ነፃ ነው ማለት ግን አይደለም። ጎጆ ባለበት ዳርቻ መረማመድ፣ ፊላውን እየሰበሩ ቦታ ማዘጋጀት፣ የተጠላለፈ የናይሎን ክር ውሃ ውስጥ መተው፣ መዳፍ የማይሞላውን ዓሣ ሳይመልሱ መውሰድ የሽርሽረኛው ድርሻ ናቸው። የሕጉን በተመለከተ፣ በፌዴራል ደረጃ የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 አለ፤ አማራ ክልልም የራሱን አዋጅ አውጥቷል። ለንግድ ማስገር ፈቃድ ይጠይቃል፤ በመርዝና በፈንጂ ማጥመድ ክልክል ነው። በመንጠቆ ለመዝናናት የሚሄድ ሰው በተሁለደሬ ወረዳ የግብርና ጽሕፈት ቤት ወይም ከአስጋሪዎች ማኅበር ዘንድ የትኛው ዳርቻ እንደሚፈቀድ አስቀድሞ መጠየቁ ይበጃል።

ዓሣ ሞቶ ሲንሳፈፍ

እንደ ሎጎ ባሉ ጥልቅ ሐይቆች ዓሣ በብዛት ሞቶ ቢንሳፈፍ መጀመሪያ የሚወራው «መርዝ ተጨመረበት» የሚል ነው። ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ከመርዝ በፊት መታየት ያለበት ሌላ መንገድ አለ።

ከኅዳር እስከ ጥር ባለው የብርድ ወቅት የላይኛው ውሃ ሌሊት ሌሊት ይቀዘቅዛል፤ ቅዝቃዜው ከታችኛው ሲቀራረብ የክብደት ልዩነታቸው ይጠባል። በዚህ መሐል ጠንካራ ነፋስ ቢነሳ ለወራት ተለያይተው የቆዩት ንብርብሮች ይቀላቀላሉ። ኦክስጅን ያለቀበትና የተበላሸ እንቁላል የመሰለ ሽታ ያለውን ሃይድሮጅን ሰልፋይድ የያዘው የታች ውሃ ወደ ላይ ይወጣል። ዓሣው ወደ ጠርዝ ይሸሻል፣ አፉን ወደ ላይ ከፍቶ አየር ይሻል። አምባዛ ከስንጥቡ ሌላ ከአየር የሚተነፍስበት ተጨማሪ አካል ስላለው ይበልጥ ይቋቋማል፤ ቆሮሶ ግን ቶሎ ይሞታል። ስለዚህ መለያው ቀላል ነው፦ ጊዜው ብርድ ከሆነ፣ ሽታው ካለ፣ የሞተው በአብዛኛው ቆሮሶ ሆኖ አምባዛው በሕይወት ካለ፣ ጥርጣሬው መጀመሪያ ወደ ውሃው መገላበጥ ይሂድ። የሞተውን ዓሣ ሰብስቦ መሸጥ ግን በሁለቱም መንገድ አደገኛ ነው፤ መቼ እንደሞተ አይታወቅም።

ጠርዙን የሚሻሙት

ጠቅላላው ሕይወት ጠርዙ ላይ ከሆነ፣ ጠርዙን የሚፈልገው ዓሣ ብቻ አለመሆኑ የችግሩ እምብርት ነው። ገበሬው የሸሸውን ውሃ ተከትሎ እስከ ዳር ያርሳል። በመስኖ ፓምፕ የሚጠቀመው ከዳር ይስባል። ሎጅና ምግብ ቤት የሚሠራው ውሃው ፊት ለፊት እንዲታይለት ፊላውን ያስመነጥራል። መኪናና ልብስ የሚያጥበውም እዚያው ነው።

ፊላና ደንገል ግን ለዓይን የሚከብድ ቁጥቋጦ ብቻ አይደለም። ከቁልቁለቱ የሚመጣውን አፈር ያጣራል፣ ማዳበሪያውን ለራሱ ይወስዳል፣ ጫጩቱን ከወፍና ከአምባዛ ይሸሽጋል። ለማነጻጸር ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በ9ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እንደተመሠረተ የሚነገረው፣ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአባ ኢየሱስ ሞዐ ዘመን የትምህርት ማዕከል የሆነው የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ቀድሞ ደሴት ነበር፤ ውሃው ሲሸሽ ከየብስ ጋር ተያያዘ። የገዳሙ ልሳነ ምድር ዛሬም በደን የተሸፈነ ነው። ከዚያ ዳርቻና እስከ ውሃው ከታረሰው ዳርቻ ያለውን ልዩነት ከጀልባ ላይ ሆኖ መመልከት ብዙ ያስተምራል።

ጠርዙ ለጎብኚውም የራሱ ሥጋት አለው። ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፈው ቀንድ አውጣ የሚኖረው ጥልቀት በሌለው፣ ሣር ባለበት ውሃ ነው። ተውሳኩ ከቀንድ አውጣው ወጥቶ በውሃው ይንሳፈፋል፤ ቆዳን በስቶም ይገባል። በሐይቅ ከተማ በትምህርት ቤት ልጆች ላይ የተደረገ ጥናት በሽታው በአካባቢው መኖሩን አሳይቷል። ልጆች ያሉት ቤተሰብ በእግር ገብቶ ከማጥመድ ይልቅ ከጀልባ ወይም ከደረቅ ዳርቻ ቢያጠምድ ይሻላል። ውሃ ውስጥ የዋለ ሰው ከሳምንታት በኋላ ትኩሳትና ተቅማጥ ቢያየው ለሐኪም ሐይቅ መሄዱን ይንገር፤ በሽታው በፕራዚኳንቴል ይታከማል።

ጫጩት እንጨምርበት?

ዓሣ አነሰ በተባለ ቁጥር የሚሰማው መፍትሔ ከሰበታ የዓሣ ምርምር ማዕከል ወይም ከሌላ ቦታ ጫጩት አምጥቶ መልቀቅ ነው። ደጋፊዎቹ ርካሽ፣ ፈጣንና ለሕዝብ የሚታይ ሥራ ነው ይላሉ። እውነት ነው፤ አዲስ የተገደበ ግድብን በመሰለ፣ ዓሣ በሌለበት ውሃ ላይ ውጤት ሊያመጣ ይችላል።

በሎጎ ግን የጎደለው ጫጩት አይደለም። ቆሮሶ በራሱ በብዛት እየተራባ ነው፤ የጎደለው የሚያድግበት ጊዜና ቦታ ነው። በጠበበ ቤት ልጅ ቢጨመር ምግቡ ለሁሉም ያንሳል። ከሌላ ሐይቅ የሚመጣ ጫጩት በሽታና ያልታሰበ ዝርያ ይዞ ሊገባ እንደሚችልም አይዘነጋ። እ.ኤ.አ. በ1978 የተደረገው ጭመራ የሐይቁን ቀለም እስከመቀየር የደረሰ ለውጥ ውስጥ እጁ አለበት፤ ሌላ ጭመራ ያለ ጥናት መደረግ የለበትም። በዚሁ ገንዘብ ለአስጋሪዎች ሰፊ ዓይን ያለው መረብ ቢቀየርላቸውና በየአቅጣጫው ጥቂት የመራቢያ ዳርቻ ከመረብም ከእርሻም ቢከለል የተሻለ ዋጋ ያወጣል። ሸክሙ ግን በአስጋሪው ላይ ብቻ መውደቅ የለበትም፤ መረቡን ያጠበበው ገቢው ስላነሰ ነው፤ ከተከለለው ዳርቻ የሚጎድልበትን ከጀልባ ጉብኝት የሚያገኝበት መንገድ ካልተበጀለት ክልከላው በሌሊት ይጣሳል።

የኮምቦልቻ ጥያቄ

ለኮምቦልቻ ነዋሪ ቅርቡ ውሃ ቦርከና ነው። «ከቦርከና የተያዘ ዓሣ ይበላል ወይ?» የሚለው ጥያቄ ፈጣን መልስ የለውም። ወደ ቦርከና በሚገቡት በልዮሌና በወርቃ ወንዞች ላይ የተደረጉ ጥናቶች ከፋብሪካ ፍሳሽ ጋር የሚመጣ ክሮሚየምና ሌሎች ከባድ ብረቶች አግኝተዋል። ከባድ ብረት የሚባሉት በሰውነት ውስጥ ተከማችተው ጉዳት የሚያደርሱ እንደ ክሮሚየምና እርሳስ ያሉ ማዕድናት ናቸው። በዓሣ ውስጥ ከሥጋው ይልቅ በጉበቱና በስንጥቡ ይበልጥ ይጠራቀማሉ። ስለዚህ ከከተማው በታች የተያዘን ዓሣ ከነሆድ ዕቃው ማብሰል ወይም ዱለት ማድረግ አይመከርም፤ ከፋብሪካዎቹ በላይ ካለው የወንዙ ክፍል ማጥመድ ይሻላል። በወንዝ ዳር የብርብራ ዛፍ ፍሬ ወቅጦ ዓሣ የማደንዘዝ ልማድም ከዚህ ጋር መነሳት አለበት። ፍሬው ሮተኖን የሚባል ንጥረ ነገር አለው፤ የዓሣውን አተነፋፈስ ያግዳል፤ ትልቁን ለማግኘት ሲባል የወንዙን ጫጩትና ነፍሳት ሁሉ ይጨርሳል።

ኮምቦልቻ በሌላ በኩል ከደሴ የምትበልጥበት ነገር አላት። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ በኩሬ ውስጥ ቆሮሶ ለማርባት ብርዱ አያስችልም፤ ዓሣው በሕይወት ቢቆይም አያድግም፣ አይራባም። ካርፕ ብርድን ይችላል። 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ያለችው ኮምቦልቻ ግን ለቆሮሶ ኩሬ የተሻለ ሙቀት አላት። ለልጆች ዓሣ ለማሳየት የሚፈልግ ትምህርት ቤት ወይም መዝናኛ እዚያ ኩሬ ቢቆፍር ጎጆ ሲሠራና ጫጩት በአፍ ሲሰበሰብ በንጹሕ ውሃ በዓይን ማየት ይቻላል፤ በአረንጓዴው ሎጎ ይህ አይታይም።

ሎጎ ላይ ዓሣ ማየት ለሚፈልግ ጥሩው ሰዓት ማለዳ፣ አስጋሪዎች መረብ የሚሰበስቡበት ጊዜ ነው። የተያዘው ምን ያህል ትልቅ እንደሆነ፣ ከስንቱ አንዱ አምባዛ እንደሆነ፣ ስንቷ እንቁላል በአፏ እንደያዘች እዚያው ይታያል። ከተማሪዎች ጋር የሚሄድ መምህር ደግሞ ከወጥ ቤት አንድ ነጭ ሳህን፣ ከሥሩ የሚታሰር ድንጋይና በየግማሽ ሜትሩ የተቋጠረ ገመድ ይዞ ቢሄድ የራሱን ሴኪ ዲስክ ይዟል ማለት ነው። እኩለ ቀን አካባቢ፣ ከጀልባው ጥላ ባለበት ጎን፣ ሳህኑ የጠፋበት ቋጠሮ ተቆጥሮ ከቀኑ ጋር በደብተር ይጻፋል፤ በየወሩ በዚያው ቦታና በዚያው ሰዓት ይደገማል።